የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ጎልፍን በዓላማ መለማመድ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ እየሄድኩ ጎልፍ መጫወት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በሄድኩ ቁጥር እስኪደክመኝ ድረስ ኳስ እመታለሁ፤ ውጤቴ ግን ያው ነው። በሳምንቱ መካከል ሜዳ በሌለበት ምን ልሥራ?

መልስ፦ ከመምታትዎ በፊት ኳሱ የት እንዲያርፍ እንደሚፈልጉ ካልወሰኑ፣ ከመቱም በኋላ የት እንዳረፈ ካልመዘገቡ፣ የመጨረሻው ምት ከመጀመሪያው የሚሻልበት ምክንያት አይኖርም። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር ያዘጋጁና በእያንዳንዱ ጉድጓድ ስንት ጊዜ እንደመቱ፣ ከእነዚህም ስንቱን በፓተር፣ ማለትም ኳሱን ወደ ጉድጓዱ በሚያንከባልሉበት ዱላ፣ እንደመቱ ይጻፉ። ባለ 18 ጉድጓድ፣ ፓር 72 የሆነ (ጎበዝ ተጫዋች በ72 ምት ይጨርሰዋል የሚባል) ሜዳ ሲታሰብ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት የፓተር ምት ይያዝለታል፤ ይህም 36 ምት፣ ማለትም የጨዋታው ግማሽ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ግን ጊዜውን በረጅሙ ዱላ ይጨርሳል፤ ርቆ የሚበር ኳስ ለዓይን ስለሚያምር ይመስለኛል።

የፓተሩን ልምምድ ቤትዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ጠጉሩ አጭር የሆነ ምንጣፍ ይፈልጉ፤ የመንዝ ባና ኳሱን ስለሚይዘው ርቀትን ለመመጠን አይሆንም፣ ለአቅጣጫ ግን ይበቃል። በጉድጓዱ ፈንታ የቡና ሲኒ ያስቀምጡ፤ እንዳይቆጭዎ የተሸረፈውን ይምረጡ። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሲኒ ከዚያ በጣም ስለሚጠብ፣ ሲኒ መንካት የለመደ ሰው ሜዳ ሲሄድ ጉድጓዱ ይሰፋዋል። ከአንድ ሜትር ጀምረው ከአሥር ምት ስምንቱ ሲኒውን እስኪነኩ ድረስ ወደ ሁለት ሜትር አይለፉ። የሳቱትን በግራ ወይም በቀኝ ብለው ይመዝግቡ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካደሉ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት የፓተሩ ፊት መዞሩ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ቀን የሚያርሙት ነገር ተለይቶ ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ አንዱን ምት መደጋገም ይሻላል ወይስ መቀያየር?

መልስ፦ አዲስ እንቅስቃሴ ሲጀምሩ መደጋገም ይጠቅማል። እጅዎ ከለመደው በኋላ ግን በየምቱ ዱላውንም ዒላማውንም ይቀያይሩ። በልምምዱ ሰዓት ስሕተትዎ ይበዛል፤ ይህ አያስደንግጥዎ፤ የተቀያየረ ልምምድ ቆይቶ ሲፈተን የተሻለ ሆኖ እንደሚገኝ በእንቅስቃሴ ትምህርት ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በጨዋታ ላይም አንድን ምት በተከታታይ የሚመቱበት አጋጣሚ እምብዛም የለም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ደጋ ላይ ኳሱ ርቆ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ጠንክሮ የተመታ ኳስ በባሕር ጠለል ላይ ከሚሄደው 10 በመቶ ያህል ሊጨምር ይችላል። ጣርማ በርን አልፈው ወደ እናንተ ቆላ ሲወርዱ ጭማሪው ይቀንሳል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ዱላ ርቀት ሲመዘግቡ የለኩበትን ቦታ ከጎኑ ይጻፉበት።