በግድግዳ ላይ የሙቀት ፍሰት ስንሰጥ ዋቱን እንቁጠር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

የፍሉይድ (የአየር ወይም የፈሳሽ) ፍሰትንና ሙቀትን በኮምፒውተር ስናሰላ፣ ሬዚጁዋሉ (የእኩልታዎቹ ቀሪ ስህተት) ወረደ፣ ስሌቱም ተረጋጋ ማለት የሰጠነው ሙቀት ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሶልቨሩ (እኩልታዎቹን የሚፈታው ፕሮግራም) የተሳሳተ ቁጥር ብንሰጠውም ያንኑ አጥርቶ ያሰላል። ስለዚህ ዛሬ አጥብቄ የማሳስበው በግድግዳው በኩል ስንት ዋት እንደገባ መቁጠርን ነው።

50 ዋት የሚሰጥ፣ 0.1 በ0.2 ሜትር የሆነ ማሞቂያ ሳህን እንውሰድ። ስፋቱ 0.02 ካሬ ሜትር ስለሆነ ፍሰቱ 2500 ዋት በካሬ ሜትር ነው። ሁለቱ ጎኖች ተመሳሳይ ስለሆኑ (በሲሜትሪ) ግማሹን ብቻ ከሠራን ኃይሉ 25 ዋት ይሆናል እንጂ 2500ው አይነካም። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚገባው እዚህ ነው፤ 50 ዋቱ ለግማሹ ስፋት ይካፈልና 5000 ይጻፋል። በሚሊሜትር የተሠራ ሞዴል እንደ ሜትር ከተነበበማ ስፋቱ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል፤ የሚገባው ዋትም እንዲሁ።

ኦፕንፎም (OpenFOAM) በተባለው የፍሉይድ ማስያ ሶፍትዌር ላይ በቋሚ ግሬዲየንት (ሙቀቱ በሜትር በሚለወጥበት መጠን) የምንሰጥ ከሆነ 2500ን እንዳለ አንጽፍም፤ ለፍሉይዱ ሙቀት አስተላላፊነት እናካፍለዋለን። የአየር 0.026 ዋት በሜትር ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ውጤቱ 96 ሺህ ኬልቪን በሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ የመጀመሪያው ሴል (ሞዴሉ ከተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች አንዱ) ማዕከል ከግድግዳው 0.05 ሚሊሜትር ቢርቅ የሙቀት ልዩነቱ 4.8 ኬልቪን ብቻ ነው። ሙቀት ወደ ፍሉይዱ ሲገባ ምልክቱ ፖዘቲቭ ነው።

ዎል ፈንክሽን (ግድግዳው አጠገብ ያለውን ፍሰት በቀመር የሚገምት ዘዴ) ስንጠቀም ግን ይህ ስሌት ያሳስታል። በግድግዳው ላይ የተርቡለንስ (የተናወጠ ፍሰት) አስተላላፊነት ስለሚጨመር ያው ግሬዲየንት ካሰብነው በላይ ዋት ያስገባል። እንዲህ ሲሆን ፍሰቱን ወይም ጠቅላላ ኃይሉን በቀጥታ የሚቀበለውን ኤክስተርናል ዎል ሂት ፍለክስ ቴምፕሬቸር የተባለውን የወሰን ሁኔታ ምረጡ።

መግቢያና መውጫ የሌለው ዝግ ሳጥን ከሆነ ሁሉንም ግድግዳ በፍሰት ብቻ አትወስኑ። የገባው ከወጣው ካልተካከለ የተረጋጋ መፍትሔ የለም፣ የሙቀት መጠኑ ያለማቋረጥ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ቢያንስ አንዱ ግድግዳ ቋሚ ሙቀት ወይም የኮንቬክሽን ኮፊሸንት (ሙቀት በግድግዳውና በአካባቢው መካከል የሚያልፍበት መጠን) ይኑረው።

ማረጋገጫው መውጫው ላይ ነው። በግማሹ ሞዴል በሰከንድ 0.0025 ኪሎግራም አየር ካለፈ፣ 25 ዋት ሙቀቱን በ10 ኬልቪን ገደማ ከፍ ያደርገዋል። 20 ካሳያችሁ 5000 ጽፋችኋል ማለት ነው። አማካዩን ስትወስዱ በማስ ፍሰት (በሰከንድ በሚያልፈው ኪሎግራም) የተመዘነ ይሁን፤ በስፋት የተመዘነው ግድግዳው አጠገብ በዝግታ የሚሄደውን ትኩስ አየር ከድርሻው በላይ ይቆጥረዋል።