ኪሳራውን ቀድሞ መጻፍ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብዙ ሰው የእኛ የሒሳብ ባለሙያዎች ሥራ ያለፈውን መዝግቦ ማስቀመጥ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን የሒሳብ አያያዛችን የነገው ገንዘብ የት እንደሚውልም ይወስናል ብዬ አምናለሁ። በተለይ ጥንቃቄያችን።

የጥንቃቄን ደንብ ታውቁታላችሁ። ትርፍ እስኪረጋገጥ ይጠበቃል፤ ኪሳራ ግን ገና ሲሸት ይጻፋል።

አንድ ማሽን እንውሰድ። መዝገባችን ላይ 10 ሚሊዮን ይላል። ገበያው ቀዝቅዟል። ቢሠራበትም ቢሸጥም ከ6 ሚሊዮን በላይ አይመልስም። ስለዚህ 4 ሚሊዮኑ ዘንድሮውኑ ከትርፍ ይቀነሳል። ሥራ አስኪያጁ ቅር ይለዋል። ቦርዱ ግን ቁጥሩን አይቶ "ታዲያ ሁለተኛ ማሽን ለምን እንገዛለን?" ይላል። ባንቀንሰው ኖሮ ይህ ጥያቄ የሚነሳው ሁለተኛው ማሽን ከተገዛ በኋላ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ኪሳራው በእሱ ዘመን እንደሚጻፍ ስለሚያውቅ፣ ለተተኪው ጥሎት የሚሄደውን ፕሮጀክት ለመጀመር ሁለቴ ያስባል። አበዳሪም መጥፎውን ወሬ በጊዜ እንደሚሰማ ካመነ፣ ለሚያዋጣ ሥራ ብድር አይነፍግም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ጎኑ ነው። በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች (አይኤፍአርኤስ) የምርምር ወጪ በሙሉ በወጣበት ዓመት ከትርፍ ይቀነሳል። የልማት ወጪም፣ ማለትም የምርምሩን ውጤት ወደ ምርት ለመለወጥ የሚወጣው፣ ሀብት ተብሎ የሚያዘው 6 መስፈርቶችን ሲያሟላ ብቻ ነው። ፍሬው ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ምርምር የዘንድሮን ትርፍ ይበላል ማለት ነው። ቦነሱ በዘንድሮ ትርፍ የሚለካ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በጀት ሲጠብበት መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄያችን ጥሩውን ሥራም አብሮ ሊያስቀር ይችላል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ለሚመጣ ኪሳራ ተብሎ የሚያዝን መጠባበቂያ ሆን ብሎ ማሳበጥ ጥንቃቄ አይደለም። በደግ ዓመት የተደበቀ ትርፍ በክፉ ዓመት ይወጣና ድክመቱን ይሸፍናል። መቆም የነበረበት ፕሮጀክት ይቀጥላል፤ ያስቀጠልነውም እኛ ነን። የዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃዎች ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2010 ጥንቃቄን ደረጃዎቹ ከሚመሩበት የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍ አውጥቶት ነበር። በ2018 ሲመልሰው ግን ሀብትና ገቢን ማጋነንም ማሳነስም እንደማይገባ አብሮ ጽፏል።

የጠዋቱን ውይይት በሙሉ ለምርምር ወጪ የሰጠነው ለዚህ ነው። የምርምር ወጪውን ለቦርዳቸው ለብቻው አብራርተው ያቀረቡ አባሎቻችን ቅድሚያ ይናገራሉ። ቦርዱ ምን እንዳለና በጀቱ እንደተረፈ ወይም እንደተቆረጠ ሳትሸፋፍኑ ንገሩን። መድረኩ የእናንተ ነው።