አራት ደቂቃ ያልሞላ ሌሊት

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ የፀሐይ ግርዶሽ ቀን ላወራችሁ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2016፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 8 ቀን 2024። ሰኞ ነው፣ ዳላስ።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012፣ እሁድ ማለዳ፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ነበር። እናቴ እዚያ ናት። ደወለችልኝና «ቀለበት መሰለች፣ ጨርሶ ግን አልጨለመም» አለችኝ። እኔም ግርዶሽ ማለት በቃ ይኼ ነው ብዬ ያዝኩት። ከፀሐይ የቀረው እኮ ጥቂት ነው። ሙሉው ቢሆን ከዚህ ምን ያህል ሊለይ ይችላል? እንደዚያ ነበር የማስበው።

ኡበር ነው የምሠራው። ያን ሰኞ አፑን ዘግቼ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ አንድ የሐበሻ ሱቅ ፊት ለፊት መኪናዬን አቆምኩ። ጠዋት ሰማዩ ደመና ነበር፣ ሆዴ ሲባባ ነው የዋለው። ወደ ቀትር ግን ደመናው እየሳሳ ሄደ። ሰው ሁሉ ከሱቁ ወጣ። አንድ እናት ዛፍ ሥር ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ የካርቶን የግርዶሽ መነጽራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ዐቢይ ጾም ስለሆነ እስከዚያ ሰዓት እህል አልቀመሱም።

ጨረቃ ፀሐይን ከጎን መብላት ጀመረች። ለረጅም ጊዜ ምንም የተለየ ነገር የለም፣ ዙሪያችሁን ብታዩ ቀኑ ቀን ነው። ከዚያ ዓይኔ ነጠላቸው ላይ አረፈ። በቅጠሎቹ መሀል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን ሌላ ጊዜ ክብ ክብ ሆኖ ነው የሚያርፈው። አሁን ግን እያንዳንዱ የብርሃን ጠብታ ማጭድ መስሏል። ነጠላው ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የተበሉ ፀሐዮች! ነፋስ ሲነፍስ አብረው ይወዛወዛሉ። በቅጠሎቹ መሀል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት የፀሐይን ምስል መሬት ላይ ይጥላል ማለት ነው። ሁልጊዜም ይጥል ነበር፣ እኛ አላየነውም እንጂ። «እማማ፣ ነጠላዎን ይዩት» አልኳቸው። በጣታቸው አንዷን ማጭድ ነካ አደረጉ። ብርሃኗ ጣታቸው ላይ ወጣች።

በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 ሆነ። ብርሃኑ ቀለሙ ተለወጠ። አየሩ ቀዝቀዝ አለ። ጥቁር ወፎች ሲመሽ እንደሚያደርጉት እየተንጫጩ ዛፉ ላይ ሰፈሩ። የፓርኪንጉ መብራቶች በራሳቸው በሩ። ከዚያ በደቡብ ምዕራብ በኩል ጨለማው መጣ። የጨረቃ ጥላ እኮ ምድር ላይ በሰዓት ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚሮጠው።

ፀሐይ ጠፋች።

መነጽሬን አወለቅኩ። በዚህች ጊዜ ብቻ ነው ማውለቅ የሚቻለው፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ዓይን ያጠፋል። ፀሐይ በነበረችበት ቦታ ጥቁር ክብ አለ፤ ዙሪያውን እንደ ባዘቶ የሳሳ ነጭ ብርሃን። ኮሮና ይባላል። ያ በሽታ ስሙን አስጠላን እንጂ ዘውድ ማለት ነው። ከክቡ ታች በኩል እንደ ፍም የቀላች ነጥብ ነበረች፣ ከፀሐይ ተነስቶ የተንጠለጠለ ጋዝ ነው። ዝቅ ብሎ በስተቀኝ ቬኑስ። የአጥቢያ ኮከብ በእኩለ ቀን!

እማማ ቆመው ነበር። «ፀሐይ ጨለመ፣ ጨረቃ ደም ሆነ» አሉ በቀስታ፣ የስቅለትን ነገር አስበው። እኔ እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ አሁንም በቅጡ ማስረዳት አልችልም።

በኋላ ያነበብኩት አንድ ነገር ግን ብዙ ገለጠልኝ። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400 ሺህ ጊዜ ያህል ትደምቃለች። ስለዚህ 1 በመቶዋ ብቻ ቢቀር እንኳ የ4 ሺህ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን ነው። ኮሮና ደግሞ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሙሉ ጨረቃ ብዙም አይበልጥም። ጥቂት ፀሐይ ካለች አይታይም። እናቴ ያየችው ቀለበት ውብ ነው፣ ይኼኛው ግን ጨርሶ ሌላ ነገር ነው። የቀረችው ያቺ ጥቂት ብርሃን ናት ሁሉን የምትሸፍነው።

አራት ደቂቃ ሳይሞላ በክቡ ጠርዝ አንድ ነጥብ ብርሃን ፈነጠቀ። ሰው ሁሉ ጮኸ፣ ሱቁ በር ላይ የነበሩ ሴቶች እልል አሉ።

«ቀጣዩ መቼ ነው ልጄ?» አሉኝ እማማ። ዳላስ ከዚያ በፊት ሙሉ ግርዶሽ ያየችው በፈረንጆቹ በ1878 ነው፣ ቀጥሎ የምታየው በ2317። እሱን አልነገርኳቸውም። «ከሦስት ዓመት በኋላ ጅዳ ላይ አለ» አልኳቸው። እውነት ነው፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2027። እዚያ ጨለማው ወደ 6 ደቂቃ ይቆያል። ጅዳ ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ያን ቀን ከወዲሁ ፈቃድ ጠይቁበት።

«ልጄ ጅዳ ናት» አሉ። መነጽሩን በሶፍት ጠቀለሉት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ሰው ሲሄድ እልክላታለሁ።»