ሐዲዱ አንድ ነው ማለት ባቡሩ ይሄዳል ማለት አይደለም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ድሬ ዛሬም እንደ ምጣድ ግላለች። ቬንትሌተሩ ማይኩ ውስጥ እየገባ ስላስቸገረኝ አጥፍቼዋለሁ፤ ላቤ ሲንጠባጠብ ብታዩ አይታችሁ እንዳላያችሁ እለፉኝ አቦ።

ዛሬ ኮምፓይለር እንሠራለን። አንድ ኮድ ተቀብሎ ለሊኑክስም፣ ለዊንዶውስም፣ ለማክም ፕሮግራም የሚያወጣ። ግን መጀመሪያ ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያ እንሂድ።

አሮጌው ባቡር ድሬ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር። የአዲሱ ደግሞ 1 ሜትር ከ435 ሚሊሜትር። ልዩነቱ ክንድ አይሞላም! ግን የአሮጌውን ፉርጎ አምጥታችሁ አዲሱ ላይ ልታስቀምጡት አትችሉም። እንግዲህ ዕቃው ከዚህ ወደዚያ ይዙር ቢባልስ? አንዱ መንገድ ጆንያ በጆንያ ማራገፍ ነው። ስኳሩ ለብቻ፣ ሩዙ ለብቻ፣ ጩኸቱ ለብቻ፤ አንዱ ጆንያ ይቀደዳል፣ ከስኳሩም ትንሽ ወደ ሻይ ቤት ያመልጣል። ሌላው መንገድ ኮንቴይነር ነው። ክሬኑ ብድግ ያደርገዋል፣ ቁጭ ያደርገዋል። ውስጡ ስኳር ይሁን ምስር ክሬኑ አያውቅም። ምን አገባው?

በእኛ ኮምፓይለር ኮንቴይነሩ አይአር የሚባለው መካከለኛ ኮድ ነው። 4 ቋንቋና 3 ዓይነት ፕሮሰሰር ቢኖራችሁ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ለየብቻ ስትሠሩ 12 ኮምፓይለር ሊሆንባችሁ ነው። በኮንቴይነር ግን ከቋንቋ ወደ አይአር 4 ጫኝ፣ ከአይአር ወደ ፕሮሰሰር 3 አውራጅ፣ በቃ 7። በ2000 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኤልኤልቪኤም የሚባለው የኮምፓይለር መሥሪያ የሚሠራው በዚህ ነው፤ የሲ ኮምፓይለሩ ክላንግም፣ የረስትና የስዊፍት ቋንቋዎችም እሱ ላይ ይጭናሉ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፦ ሌክሰር ኮዱን ቶክን ወደሚባሉ ቃላት ይቆርጣል፣ ፓርሰር ከቃላቱ አወቃቀራቸውን የሚያሳይ ዛፍ ይሠራል፣ ዛፉ አይአር ይሆናል፣ ኦፕቲማይዘር ያሳጥረዋል፣ ባክ ኤንዱ፣ ማለትም አውራጁ፣ ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ የቁጥር ማስቀመጫዎች) ያከፋፍላል፣ ሊንከሩ ቁርጥራጮቹን ወደ አንድ ፕሮግራም ያያይዛል። ባለፈው ቪዲዮ አለ። ሰብስክራይብም አድርጉ፣ አይከፈልበትም።

አሁን ወደ ሌክሰሩ ኮድ ልገባ ነበር። ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ እንዲህ ያላችሁኝ፦ «ሁለቱም ላፕቶፕ ኢንቴል ነው፣ ታዲያ ሊኑክስ ላይ ያወጣሁት ፋይል ዊንዶውስ ላይ ለምን እምቢ ይላል?» ኧረ አቦ! አዲሱ ባቡራችን በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ስፋቱ እኩል የሆነ፣ ከላይ ግን ሽቦ የሌለው ሐዲድ ላይ አስቀምጡት፤ ተገትሮ ይቀራል። ፕሮሰሰሩ ሐዲዱ ነው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሽቦው።

ሊኑክስ ኤልፍ የሚባል የፋይል ቅርጽ ይጠብቃል፣ ዊንዶውስ ፒኢ፣ ማክ ደግሞ ማክ-ኦ። ቅርጹ ቢስተካከል እንኳ ገና ነው። በ64 ቢት ሊኑክስ ለፈንክሽን የሚሰጠው የመጀመሪያው ቁጥር አርዲአይ ሬጅስተር ውስጥ ይቀመጣል፣ በዊንዶውስ አርሲኤክስ ውስጥ። ያው ፕሮሰሰር ላይ! አንዱ ቁልፉን ጎረቤት ሱቅ ይተዋል፣ ሌላው ድስት ሥር ይፈልጋል።

እና አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁ፤ ኮንቴይነሩም ያን ያህል የታሸገ አይደለም። በሲ ቋንቋ ሎንግ የሚባለው የቁጥር ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት ነው፣ በዊንዶውስ 4። ስለዚህ ጫኙ ራሱ ሲጭን መድረሻውን ማወቅ አለበት። ታርጌት፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚሄድበትን መድረሻ፣ ስትሰጡ ፕሮሰሰሩን ብቻ ጽፋችሁ የማትተዉት ለዚህ ነው። እኔ የዊንዶውስ ታርጌት ሰጥቼ የሊኑክስ ላይብረሪ (ተሠርቶ የተቀመጠ ኮድ) አቀብዬው ከሊንከሩ ጋር ስንጨቃጨቅ አድረናል፤ ጥፋቱ የእኔ፣ ጩኸቱ የእሱ።

ሌክሰሩ ለሚቀጥለው ይቆይ። እስከዚያ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ለሁለት ታርጌት አውጡና ፋይሎቹን ሊኑክስ ላይ «ፋይል» በምትባለው ትዕዛዝ ፈትሿቸው፤ የትኛው ኤልፍ፣ የትኛው ፒኢ እንደሆነ ራሷ ትነግራችኋለች።