አምስተርዳም፦ በግንድ ላይ የቆመች ከተማ

[ምስል፦ የወንዝ መርከብ ወደብ ሲይዝ]

በራይን ወንዝ የሚመላለሱ ብዙ የመንገደኛ መርከቦች ጉዟቸውን የሚጀምሩት ወይም የሚጨርሱት አምስተርዳም ነው። መርከቦቹን ከወንዙ ወደ ከተማዋ የሚያደርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የአምስተርዳም-ራይን ቦይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆሙትም ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ስለሆነ አሮጌው ከተማ በእግር ይደረሳል። ግማሽ ቀን ብቻ ካለዎት በገበያው ጎዳና አይፍጁት። ወደ ምዕራብ ታጥፈው ቦዮቹን ይያዙ።

[ምስል፦ ቦይ፣ ድልድይ፣ የቤቶች ረድፍ]

ሄረንግራኽት፣ ካይዘርስግራኽትና ፕሪንሰንግራኽት የተባሉት ቦዮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተቆፈሩ ናቸው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢውን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። እዚህ ቆም ብለው ወደ ላይ ይመልከቱ። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፤ ደረጃዎቻቸው ደግሞ ከዚያ የባሱ ጠባቦች፤ ቁም ሣጥን አያሳልፉም። ስለዚህ ከጣሪያው ጫፍ በወጣው አግዳሚ ላይ መንጠቆ አለ፤ ዕቃ በገመድ ተስቦ በመስኮት ይገባል። ብዙዎቹ ቤቶች ፊታቸው ወደ መንገዱ ያዘነበለው የሚሳበው ዕቃ ግድግዳውን እንዳይመታ ነው።

ወደ ጎን የተጋደሙትን ቤቶች ያዘመማቸው ግን መሬቱ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው።

[ምስል፦ ከመሬት በታች የተተከሉ ግንዶች ሥዕል]

አፈሩ ረግረግ ስለሆነ ግንበኞች ረጃጅም ግንዶችን ጭቃውን ዘልቀው ጠንካራው አሸዋ ላይ እስኪያርፉ ድረስ ተከሉ። በዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት ብቻውን በ13,659 ግንዶች ላይ ተሠርቷል። ይህ ሁሉ እንጨት ለምን አልበሰበሰም? እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ከውሃ በታች ግን አያገኝም። የሚያሰጋው ድርቀት ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ሲጎድል የግንዱ ራስ አየር ያገኛል፣ ይበሰብሳል፣ ቤቱም ይሰምጣል። በዚህ ምክንያት ከተማዋ የውሃዋን ከፍታ ሌት ተቀን ትቆጣጠራለች።

[ምስል፦ ፕሪንሰንግራኽት 263]

የቦይ ዳር ቤቶች ፊታቸው ጠባብ ቢሆንም ወደ ውስጥ ጥልቅ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከጀርባ ሌላ ቤት አላቸው። በማስታወሻ ደብተሯ የምትታወቀው አይሁዳዊት ልጅ አና ፍራንክና ሌሎች ሰባት ሰዎች ከናዚዎች ተደብቀው እስከ ነሐሴ 1944 እ.ኤ.አ. የኖሩት በፕሪንሰንግራኽት 263 ባለ በእንዲህ ያለ የጀርባ ቤት ውስጥ ነው። ከመንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ያ ክፍል ፈጽሞ አይታይም። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የመግቢያ ትኬቱ የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ ቶሎ ስለሚያልቅም ከጉዞዎ በፊት ይግዙት።