ድረ ገጹ ቤት፣ ኢሜይሉ ፖስታ ሳጥን

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ የፒያሳ ትራፊክ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቅድም ወደዚህ ስመጣ ቸርችል ጎዳና ላይ ዋናው ፖስታ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። አንድ አባት ትንሿን ሳጥን በቁልፍ ከፍተው ደብዳቤያቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። ቤታቸው ሌላ ሰፈር ይሆናል። ደብዳቤው ግን የሚጠብቃቸው እዚያ ነው።

የኢንተርኔት ስሞች የት እንደሚገኙ የሚመልሰው ሥርዓት፣ ዲኤንኤስም እንዲሁ ነው። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ሲነድፈው፣ ለአንድ ስም እንደ ጥያቄው የተለያየ መልስ እንዲሰጥ አድርጎ ነው። መልሶቹን ሪከርድ እንላቸዋለን። ደንበኛ ድረ ገጻችሁን ሲከፍት የሚጠየቀው ኤ ሪከርድ ነው፤ ድረ ገጹ ያለበትን ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩን፣ አድራሻ ማለትም አይፒ ቁጥር ይናገራል። ለረጅሙ ቁጥር፣ ለአይፒ ቪ6፣ ኳድ ኤ አለ። ኢሜይል ሲላክላችሁ ግን የሚጠየቀው ኤምኤክስ ነው፤ ኢሜይላችሁን የሚቀበለውን ሰርቨር ይናገራል። ቤታችሁ ሳይሆን ሳጥናችሁ ማለት ነው።

ይህን ልዩነት የተማርኩት በሰው ሥራ ላይ ነው። የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ ወደ አዲስ ሆስቲንግ፣ ድረ ገጹ ወደሚቀመጥበት አዲስ ቦታ፣ ሳዛውር ኤን ኤስ ሪከርዱን ቀየርኩ። ኤን ኤስ መልሱን ማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ነው። አዲሱ ቦታ ላይ ኤውን ሞላሁ፣ ኤምኤክሱን ረሳሁ። ድረ ገጹ አማረበት። ኤምኤክስ ሲጠፋ ላኪው ኤውን ተከትሎ ይሄዳል። የድረ ገጹ ሰርቨር ደግሞ ኢሜይል አይቀበልም፤ የቱሪስቶቹ መልእክት ሁሉ ተመለሰ። ባለቤቷ ደውላ «ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ አልጻፈልኝም» ስትለኝ ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሲኔም አንዱን ስም ለሌላው ቅጽል ያደርገዋል። ቲኤክስቲ ውስጥ ደግሞ በስማችሁ ኢሜይል መላክ የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ ይጻፋል፤ አጭበርባሪ በድርጅታችሁ ስም እንዳይጽፍ ይረዳልና ችላ አትበሉት።

ቲቲኤልን ግን አደራ። መልሱ በየሰርቨሩ ስንት ሴኮንድ ተይዞ እንደሚቆይ የሚናገር ቁጥር ነው። 86400 ከሆነ ሙሉ ቀን ነው። ዛሬ ብትቀይሩም አሮጌውን መልስ የያዘ ሰው እስከ ነገ አሮጌው ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ሰርቨር ከመቀየራችሁ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ወደ 300 አውርዱት። ያሉትን ሪከርዶች በሙሉም ወረቀት ላይ ገልብጡ።

አሁን ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ። የየራሳችሁን ኤምኤክስ አብረን እንይ።