ቦርጭ በሜትር ሲለካ

(ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ)

እስቲ እነዚህን ሁለት ሰዎች እዩልኝ። ሁለቱም ቁመታቸው 1.75 ሜትር ነው። ሁለቱም 85 ኪሎ ይመዝናሉ። አንደኛው ብረት ያነሳል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሆዱ ልጥፍ ያለ። ሌላኛው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ነው፤ እጅና እግሩ ቀጫጭን ሆኖ ቦርጩ ግን የሸሚዙን ቁልፍ ሊበጥስ ደርሷል።

ቢኤምአያቸውን፣ ማለትም ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረውን ቁጥር፣ እናስላ። ኪሎውን ለቁመት ታካፍላላችሁ፣ የመጣውን ቁጥር እንደገና ለቁመት። 27.8 ገደማ ይወጣል። ለሁለቱም! ከ25 በላይ ስለሆነ ሁለቱም «ክብደታቸው ከልክ በላይ ነው» ይባላሉ። 30 ቢገቡ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ተብሎ ይመዘገብባቸው ነበር።

ምን ይደረግ፣ ሚዛን ጡንቻና ስብ አይለይም።

በነገራችን ላይ ቀመሩን ያወጣው ሐኪም አይደለም። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጂየማዊ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ። «አማካይ ሰው ምን ይመስላል?» ብሎ ሲመራመር ነው ያገኘው። ቢኤምአይ የሚለው ስም የወጣለት ገና እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ብዙ ሕዝብ ለማጥናት አሪፍ መለኪያ ነው፣ አልክድም። አንድን ሰው ለብቻው አቁሞ ለመፍረድ ግን ይቸግራል።

ዋናው ጥያቄ ስቡ የት ነው የተቀመጠው የሚለው ነው። ዳሌና ጭን ላይ፣ ከቆዳ ሥር ያለው በአብዛኛው ለሰው አያስቸግርም። ሆድ ውስጥ ገብቶ አንጀትና ጉበትን የሚከበው ግን ሌላ ጉድ ነው። ቅባት ወደ ደም ይለቃል፤ ከአንጀት የሚነሳው ደም ደግሞ መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ስለሆነ ጉበት ዱላውን ቀድሞ ይቀምሳል። ኢንሱሊን እንደ ድሮው መሥራት ያቅተዋል፣ ስኳር ከፍ ይላል፣ ግፊት ይከተላል፣ ልብም ዋጋ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በ52 አገሮች 27 ሺህ ገደማ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ውጤቱ ሲወጣ፣ ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ከቢኤምአይ ይልቅ ወገብን ለዳሌ አካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነበር።

(ሜትር በቅርበት)

እሺ፣ እንለካ። የሱሪ ቁጥራችሁን እንዳትነግሩኝ። ሱሪውን ከቦርጩ በታች ታጥቆ «እኔ እኮ አሁንም 34 ነኝ» የሚል ሰው ስንቱን አየሁ። ልብሳችሁን ገለጥ አድርጉ። በጣታችሁ የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት ፈልጉ፣ ከዚያ የዳሌ አጥንታችሁን ጫፍ። ሜትሩ የሚያርፈው መሃላቸው ላይ ነው። ከኋላ ወደ ታች እንዳይወርድ መስታወት ፊት ቁሙ። ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቅ። ትንፋሻችሁን እንደ ወትሮው ወደ ውጪ ስታወጡ ያኔ አንብቡ። ሆድ መሳብ የለም! የምትሸውዱት ራሳችሁን ነው።

ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት 80 ሲደርስ ስጋቱ ጀምሯል። 102 እና 88 ካለፈ በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው። የእስያ ዝርያ ላላቸው ወንዶች ወሰኑ ወደ 90 ይወርዳል፣ ምክንያቱም እነሱ ጋ ትንሽ ቦርጭም ቶሎ ስኳር ታመጣለች።

የወገብና ዳሌውስ? ወንድ 0.90፣ ሴት 0.85 ከደረሱ ስጋት አለ። ግን አንድ ተንኮል አለበት፤ ወገብም ዳሌም እኩል ከወፈሩ ቁጥሩ ፈቀቅ አይልም። ለዚህ ነው እኔ ብዙም የማልወደው።

እኔ የምመርጠው ወገብን ከቁመት ጋር ማስተያየት ነው። ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ይሁን፣ አለቀ። ብረት አንሺያችን ወገቡ 84 ነው፣ የቁመቱ ግማሽ 87.5፣ ስለዚህ ፈተናውን አልፏል። ባለ ቦርጩ 104 ነው፤ ስኳሩንና ግፊቱን ሄዶ ይታይ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም።

ሜትር የላችሁም? ክር አምጡ። ከእግር እስከ ራስ ቁመታችሁን ለክታችሁ ቁረጡት። ለሁለት እጠፉት። ወገባችሁ ላይ አዙሩት፣ ጫፎቹ ይገናኛሉ?